ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት ግቢውን እዪ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ሲሆን ዲግሪዬን እንደያዝኩ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ ጅማ ቅርንጫፍ ተመደብኩ። ደመወዜ የጀማሪ ነው፣ 11,500 ብር። እስካሁን ያለሁት የአባቴ አክስት ልጅ ቤት ነው። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን የምተኛው ሳሎን ስለሆነ እንግዳ ከመጣ እስኪሄድ ድረስ ዓይኔን እያሸሁ ቁጭ ማለት ነው።

ሦስት ቤት አግኝቻለሁ። አንደኛው ጊንጆ አካባቢ ሰርቪስ ክፍል ነው፤ 3,500 ብር፣ ከቢሮ በእግር ሩብ ሰዓት። አከራይዋ እዚያው ግቢ ይኖራሉ። ማታ 2 ሰዓት በር ይቆለፋል ይላሉ፣ የሦስት ወር ቅድሚያም ይፈልጋሉ። ሁለተኛው በቦዬ በኩል ነው፤ 2,200 ብር፣ ክፍሉ ሰፊ፣ ቀለሙ አዲስ። ቢሮ ለመድረስ ግን ሁለት ባጃጅ እይዛለሁ፣ እያንዳንዱ 20 ብር። ሦስተኛው ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ኮንዶሚኒየም ለሁለት መከራየት ነው፤ ለእያንዳንዳችን 4,000። ባለቤቱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ የስድስት ወር በአንዴ ካልሆነ አይሆንም ብሏል። የእኔ ድርሻ 24,000 ብር ነው፣ የለኝም። ባልደረባዬ ‹የቢሮ እቁብ ግቢ፣ የመጀመሪያውን ላንቺ እናስወጣልሻለን› ትለኛለች።

ደላላው በየቀኑ እየደወለ ‹ነገ ካልከፈልሽ ያመልጥሻል› ይላል። እናቴ ‹አሁንማ የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ› ብላ በወር 2,000 ብር ትጠብቃለች። የቢሮው ምሳ፣ ቡና፣ መዋጮ ሲጨመር ወሩ ሳይጋመስ ኪሴ ባዶ ይሆናል። ለማንም አልበቃኝም ማለት አፈርኩ። የአገሩን ቋንቋም አልችልም። የቱን ልያዝ?
ሳሎን የምተኛው»

መልስ፦

እህቴ፣ የጊንጆውን ያዢ። ግን ዛሬ አይደለም፤ በተጠየቅሽው ውልም አይደለም።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው ሦስቱን ቤቶች የመዘንሻቸው በክፍላቸውና በዋጋቸው ነው። ስለ ሽንት ቤት አንድ ቃል የለም። ስለ ውሃ የለም። ቆጣሪው የማን እንደሆነ፣ ግቢው ውስጥ ስንት ተከራይ እንዳለ አልጻፍሽም። በአንቺ ደመወዝ ክፍል ብቻውን የሚከራይ ሰው የለም። ከክፍሉ ጋር የውጭ በሩን፣ ቧንቧውን፣ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ የአከራይዋን ጠባይና የጎረቤትን ሬዲዮ አብረሽ ነው የምትከራዪው። ክፍል ቢያስጠላ መጋረጃ ይሰቀልበታል፣ ምንጣፍ ይነጠፍበታል። ግቢ ካስጠላ መፍትሔው ዕቃ መሸከም ብቻ ነው።

በመጀመሪያ ግን ገንዘቡን እንቁጠር፣ ምክንያቱም እናትሽም ደላላውም የሚያስቡት 11,500ውን ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የዲግሪ ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ማደጉን አገሩ ሁሉ በዜና ሰምቷል። ተቀናሹን ግን ከአንቺና ከሒሳብ ክፍሉ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ 15፣ 20፣ 25 በመቶ እያለ ይወጣና ከ10,000 በላይ ባለው 1,500 ብርሽ ላይ 30 በመቶ ይደርሳል። ተደምሮ 2,100 ብር ግብር ነው። 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 805 ብር። እጅሽ የሚገባው 8,595 ብር ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የሚቆርጠው ልዩ ልዩ መዋጮ ካለ ከዚህም ያንሳል።

አሁን በዚህ ገንዘብ የቦዬውን ቤት እንየው። 2,200 ሲሉሽ ርካሽ መስሎሻል። ጠዋት ሁለት ባጃጅ 40 ብር፣ ማታም 40። በወር 22 የሥራ ቀን ብንይዝ 1,760 ብር ለባጃጅ ይሄዳል። ኪራዩና መንገዱ ሲደመር 3,960 ነው፤ ከጊንጆው በ460 ብር ይበልጣል። ይህ እንግዲህ ዝናብ በሌለበት ቀን ነው። ዝናብ ሲይዝ ባጃጁ ወይ አይገኝም፣ ወይ ሰው ሞልቶ ያልፍሻል፣ ወይ «ኮንትራት ካልሆነ» ይላል። ምሳ ሰዓት ቤት ገብተሽ ትናንት የሠራሽውን ወጥ አሙቀሽ መብላትም አትችዪም። ስለዚህ የምሳ ወጪሽንም ከባጃጁ ጎን ጻፊው።

ስለዚያ ቤት ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን አዲሱ ቀለም ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ዝናብ አውቃለሁ ብሎ ነው ጅማ የሚመጣው። የአዲስ አበባው ክረምት አልፎ ይሄዳል፤ ጅማ ግን ገና በበልጉ ይጀምርና እስከ መስከረም መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ቦዬ ደግሞ ረባዳ ነው፣ ረግረጉም ቅርብ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ተከራይ ሊገባ ሲል በችኮላ የተቀባ ግድግዳ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ነገር አለው። ተመልሰሽ መሄድ ካለብሽ ዝናብ ባባራ በማግሥቱ ሂጂ። መሐሉን ተዪውና ወለሉና ግድግዳው የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ቁጢጥ በዪ። መዳፍሽን ከወለሉ እስከ ጉልበትሽ ድረስ እያሳረፍሽ እዪው። ከላይ ደረቅ ሆኖ ከታች ከቀዘቀዘሽ፣ ቀለሙም በጥፍርሽ ስትነኪው እንደ ቅርፊት ከተነሣ፣ ውሃው ከሥር እየወጣ ነው። ቁምሳጥን ወይም አልጋ ካለ ከግድግዳው ሳብ አድርገሽ ጀርባውን አሽትቺው። አልጋው ሥር የሚቀመጥ ሻንጣና ጫማ በሁለት ወር አረንጓዴ የሚያበቅልበት ክፍል በ1,000 ብርም ውድ ነው። ወባም አለ። የትም ተከራዪ የት አጎበር ከመጋረጃ በፊት ግዢ።

የኮንዶሚኒየሙን ነገር ባጭሩ ልዝጋው። 24,000 ብር ማለት የአንቺ የሦስት ወር የተጣራ ደመወዝ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። እቁቡን ቀድመሽ ብትወስጂ አገኘሁ አትበዪ፤ ቀድሞ የወሰደ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ባለዕዳ ነው። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ባለቤቱ ሌላ ስድስት ወር ይጠይቅሻል፣ አንቺ ግን የመጀመሪያውን ገና እየከፈልሽ ነው። ሌላም አለ። አዲስ አበባ ያለ ባለቤት፣ ጅማ ላይ ቁልፍ የያዘ «ወንድሙ ነኝ» የሚል ሰው፣ ስድስት ወር በአንዴ! የባለቤትነት ማስረጃውን ወይም የተረጋገጠ የውክልና ወረቀቱን ሳታዪ እንዲህ ያለ ገንዘብ ለማንም አይሰጥም፤ ወንድምየው የእውነት ወንድም ቢሆንም። ባልደረባሽን አልጠራጠርም፣ በጎ አስባ ይሆናል። ግን ማታ ባልታጠበ ድስት ተኳርፋችሁ ጠዋት ፊት ለፊት ጠረጴዛ መቀመጥ አለ። እንዲህ ያለው ኑሮ የሚያምርላቸው አሉ፤ በመጀመሪያ ዓመት ሥራ ላይ ግን እኔ አልመክርም።

ስለዚህ ወደ ጊንጆ እንመለስ፣ ብዙ የሚወራው እዚያ ነው።

አንድ የማታውቂው ነገር አለ፦ አንቺ የምትፈለጊ ተከራይ ነሽ። አከራዮችን «ምን ዓይነት ሰው ትፈልጋላችሁ?» ብለሽ ብትጠይቂ አብዛኞቹ የሚሉት አንቺን ነው። ሴት፣ ያላገባች፣ ልጅ የሌላት፣ ደመወዟ ቀን ቆጥሮ የሚገባ፣ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ፣ ውሃና መብራት የማታበዛ። ደላላው «ነገ ያመልጥሻል» የሚልሽ ይህንን ስለሚያውቅ ነው። ቤቱ ሊያመልጥሽ ይችላል፣ እሺ። አንቺም ግን ልታመልጫቸው ትችያለሽ። ይህን በልብሽ ይዘሽ ነው ድርድር የምትገቢው፤ በአፍሽ እንዳታወጪው ብቻ።

ከአንቺ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር ብቻሽን አለመሄድ ነው። የአባትሽን አክስት ልጅ ይዘሽ ሂጂ፤ ባለቤታቸው ካሉ እሳቸው ቢሄዱ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። አከራይዋ የ2 ሰዓቱን ደንብ ያወጡት አንቺን ጠልተው አይደለም፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ ስለማያውቁ ነው። ምናልባት ከአንቺ በፊት የነበረው ተከራይ ሌሊት ሰባት ሰዓት በር እያንኳኳ ሲቀሰቅሳቸው ከርሞ ይሆናል። የከተማው ነዋሪ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ «ልጃችን ናት፣ እኛም አለንላት» ሲል ግማሹ ጥያቄ ይመለሳል። አዲስ አበባ ይሄ የጎደለ ነገር ስለሆነ ላይታይሽ ይችላል። ጅማ ላይ አሁንም ይሠራል።

ከዚያ የበሩን ነገር አንቺ ራስሽ አንሺው። «እማማ፣ አብዛኛውን ቀን 12 ሰዓት ተኩል ገብቼ እገኛለሁ። አንዳንድ ቀን ግን ስብሰባ ይኖራል፣ ወር መዝጊያ ላይ ሥራ ይቆየናል፣ ሠርግና ለቅሶም አለ። የምቆይ ቀን አስቀድሜ እደውልልዎታለሁ፤ የትንሿን በር ቁልፍ ቢሰጡኝ ደግሞ እርስዎንም አልቀሰቅስም» በያቸው። ለምን እንደሚመሽብሽ ከነገርሻቸው፣ ስልክም ከደወልሽ፣ ቁልፉን ያገኘሽው ያህል ነው። ምናልባት የመጀመሪያውን ወር ላይሰጡሽ ይችላሉ፤ ይሁን። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳልሽው ደውለሽ እንዳልሽው ከገባሽ ራሳቸው ያቀብሉሻል። ፈጽሞ አይሆንም፣ እንግዳም ዘመድም አይመጣም፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ውጭ እደሪ ካሉ ግን ተያቸው። ሕመም ቀን ቆጥሮ አይመጣም፣ ማታ ወደ ሕክምና መውጣት ቢያስፈልግስ?

የሦስት ወሩን ቅድሚያ በተመለከተ መንገድ አለሽ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 አከራይ ከሁለት ወር የበለጠ ቅድመ ክፍያ እንዳይጠይቅ ይከለክላል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተዋዋላችሁ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በወሰነው መሠረት ስለሆነ፣ ቤቱ ያለበት አካባቢ አስተዳደር ሄደሽ «የኪራይ ውል የት ነው የሚመዘገበው?» ብለሽ ጠይቂ። የአምስት ደቂቃ ጥያቄ ነው። ነገር ግን አዋጁን አትመሽ ይዘሽ በሰው ግቢ አትግቢ! አንድ ቤታቸውን አከራይተው የሚኖሩ እናት የሕግ ቁጥር ሲጠራባቸው የሚሰሙት ክስ ነው። «ሁለት ወር ልክፈል፣ ከዚያ በየወሩ ደመወዝ በገባ ማግሥት በባንክ አስገባለሁ» ማለት በቂ ነው። ሁለት ወር 7,000 ብር ነው፤ እሱም ቢሆን ከዘመድ ጥቂት ሳትበደሪ እንደማይሞላ አውቃለሁ፣ ግን ከ24,000 ጋር አይወዳደርም። በጽሑፍ ውል ላይ ግን አትለሳለሺ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚጨመር፣ ውጪ ሲሉሽ ስንት ወር አስቀድመው እንደሚነግሩሽ፣ ውሃና መብራት እንዴት እንደሚታሰብ። ምስክር ሆነው የአባትሽ አክስት ልጅ ይፈርሙ። ውሉ ለመታወቂያም ሊጠቅምሽ ይችላል። አዲስ አበባ ከነበርሽበት ወረዳ መሸኛ ካላመጣሽ በሚቀጥለው ጉዞሽ ይዘሽ ነይ።

ግቢውን በደንብ ለማየት ሁለቴ ሂጂ፤ አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ማታ 1 ሰዓት ገደማ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ሰልፍ ካለ፣ 2 ሰዓት ተኩል ቢሮ ለመግባት ስንት ሰዓት መነሣት እንዳለብሽ ትረጂያለሽ። ማታ ደግሞ ተከራዮቹ ሁሉ ገብተው ስለሚገኙ ከማን ከማን ጋር እንደምትኖሪ ታያለሽ። ውሃ ይመጣል ወይ ብለሽ አከራይዋን አትጠይቂ፤ «ይመጣል እንጂ» ነው መልሱ። ዓይንሽን በየክፍሉ በር ላይ ጣይ። በር ላይ አንድ ባዶ ጀሪካን ብቻ ከቆመ ውሃው ደህና ነው። አምስት ስድስት ቢጫ ጀሪካን አፍ ለአፍ ተደርድሮ፣ ከጣሪያው ፍሳሽ ሥር ደግሞ በርሜል ተደግኖ ካየሽ ውሃ በፈረቃ የሚጠበቅበት ግቢ ነው። ይህ ቤቱን እንድትተዪው የሚያደርግ ነገር አይደለም፤ አንቺም ጀሪካን ትገዢያለሽ። ብቻ ቀን ቢሮ ስትሆኚ ውሃው ቢመጣ ማን ይቀዳልሻል? የመጀመሪያዋን ጎረቤትሽን የምትተዋወቂው በዚህ ጥያቄ ነው።

መብራት ላይ ተጠንቀቂ። እንዲህ ባሉ ግቢዎች አንድ ቆጣሪ ለሁሉም ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። አምስት ቤት ባንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሁሉም እላይኛው እርከን ላይ ይወጣል፤ አንዷ አምፖልና አንድ ስልክ ብቻ ያላት ልጅም በውድ ዋጋ ትከፍላለች። ከዚያ በላይ ጠቡ የሚነሣው በምድጃና በምጣድ ነው። ምድጃ መጠቀም ይፈቀድ እንደሆነ፣ ክፍያው በሰው ይሁን በዕቃ፣ ከመግባትሽ በፊት ቁርጡን ስሚ። እንጀራውን በየሳምንቱ ለብቻሽ ከመጋገር አከራይዋ ወይም ጎረቤትሽ በሚጋግሩበት ቀን ዱቄትሽን አብኩተሽ ምጣዱ እንደሞቀ ብትከተዪ ለመብራቱም ለጉርብትናውም ይበጃል።

ወጥ ቤት በጋራ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። የጅማ ግቢ ብዙ ጊዜ ሙስሊምም ክርስቲያንም አብሮ የሚኖርበት ነው፤ ሥጋ የሚሠራበት ድስትና ቢላዋ የየራስ ይሁን። ማንም አይነግርሽም፣ ሁሉም ግን ያያል። ጾም ስትጾሚ እነሱ ያስታውሱሻል፣ በረመዳን ማታ ደግሞ ሳምቡሳ በሰሐን ይመጣልሻል፤ ሰሐኑን ባዶውን አትመልሺ።

ደላላውን በሚመለከት፣ ቀብድ በእሱ እጅ አይገባም። ገንዘብ የምትሰጪው ለአከራይዋ ነው፤ ያውም ውሉ ተፈርሞ ቁልፉ እጅሽ ሲገባ። የእሱን ድርሻ አሁኑኑ በብር ቁረጪ፤ «በኋላ እንነጋገራለን» የሚለው ደላላ በኋላ የሚነጋገረው ዕቃሽ በር ላይ ወርዶ ሳለ ነው። በነገራችን ላይ ሰፈር ውስጥ ካሉ ሱቆች ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ባለሱቅ የትኛው ግቢ ክፍል እንደተለቀቀ ከደላላ ቀድሞ ይሰማል፣ የለቀቀው ሰው ለምን እንደለቀቀም ያውቃል። የጊንጆዋን እናት ጠባይ ከዚያው አጣሪ።

አሁን ወዳፈርሽበት ነገር ልምጣ። ከ8,595 ላይ 3,500 ኪራይ ሲወጣ 5,095 ይቀራል። ለእናትሽ 2,000 ከላክሽ 3,095 ነው፤ በዚህ ምግብ፣ ውሃና መብራት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ፣ መዋጮ፣ አዲስ አበባ መሄጃ። አይሆንም። አንቺ ስለምታባክኚ አይደለም፣ ሒሳቡ ስለማይሆን ነው። ለእናትሽ «አልበቃኝም» ማለት ከከበደሽ ምንም አትበዪ፤ የደመወዝ ዝርዝርሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪላቸው፣ ከጎኑ የኪራይ ውሉን። እናቶች የልጃቸውን ደመወዝ ሲያስቡ ግብር የሚባል ነገር ትዝ አይላቸውም፤ ወረቀቱን ሲያዩ ግን ያንቺን ኑሮ ካንቺ ቀድመው ይደምሩታል። ከዚያ 700 ወይም 800 ብር ይሁን፣ ግን ደመወዝ በገባበት ቀን፣ ሳይጠየቅ። በየወሩ ሳያሰልስ የሚመጣ 700 ብር ለእናት ጓዳ አንድ ወር መጥቶ ሁለት ወር ከሚቀር 2,000 ይሻላል። ደግሞ እሳቸውም ይላኩልሽ። አውቶቡስ ላይ ከሚጫን ነገር ሁሉ ሽሮና በርበሬ ይበልጣል፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ ከቤት የመጣ በርበሬ ደግሞ ገንዘብ ነው። ጤፍ አይላኩ፣ ለማስጫኛው የምትከፍዪው አያዋጣም።

ቢሮ ምሳ ላይ የምታፍሪው ሰው ያለ አይመስለኝም። ዙሪያሽን ብታዪ ምሳ ዕቃ በመሳቢያ ያልደበቀ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ የሚደብቁትም አንቺን አፍረው ነው። ጊንጆ ከገባሽ ቤትሽ ሩብ ሰዓት ስለሆነ ምሳ እቤት መብላት ትችያለሽ፣ ቅዳሜ የሠራሽው ሽሮ እስከ ማክሰኞ ያደርስሻል። ሐሙስ የጅማ ትልቁ ገበያ ነው። ሥራ ቀን ስለሆነ ላይመችሽ ይችላል፤ ግን ሙዝ፣ አቮካዶና ቅጠላ ቅጠል ያኔ ነው የሚረክሰው። ከግቢሽ ሴቶች አንዷ መሄዷ አይቀርምና ዘንቢልና ብር ስጪያት። መዋጮውን በተመለከተ ለቅሶ አይታለፍም። የልደትና የስንብት ኬክ ግን «በሚቀጥለው ወር» ይባላል፣ ተብሎም ያልፋል፤ የተቀየመ አላየሁም። እቁብ መግባት ከፈለግሽ በስድስተኛው ወር ግቢ፣ በትንሹ፣ መጨረሻ ላይ የሚወጣውን ምረጪ። የዚያን ጊዜ ቁጠባ ይሆንልሻል።

ቋንቋውን አትፍሪው። ጅማ መርካቶውም ቢሮውም አማርኛ ይሰማል፣ ማንም አያስቸግርሽም። ሆኖም ጠዋት በር ላይ «አካም ቡልቴ» ብለሽ ማለፍ፣ ገበያ ላይ «ሜቃ» ብለሽ ዋጋ መጠየቅ፣ የተቀበልሽውን በ«ገለቶሚ» ማመስገን ከአንድ ሳምንት በላይ አይፈጅም። ለአከራይዋ ግን እንደ እናት በአክብሮት «አካም ቡልተን» በያቸው። ስትሳሳቺ ይስቁብሻል፣ ያርሙሻል፣ ከዚያ ቡና ይጠሩሻል። ቡናውን እንዳትገፊ። ቡና በሚወጣበት አገር፣ የአከራይን ቡና ሁልጊዜ «ደክሞኛል» ብላ የምታልፍ ተከራይ ኩሩ ናት ትባላለች። በሳምንት አንድ ቅዳሜ ተቀምጠሽ ሦስቱንም ጠጪ። ውሃው ሲመጣ የሚቀዳልሽ፣ ስትታመሚ በር የሚያንኳኳልሽ ሰው ከዚያ ረከቦት ዙሪያ ነው የሚገኘው። የአከራይዋ ቡና ላይ የሚወራውን ግን ወደ ሌላ ግቢ አታውጪ።

ከሰኞ በፊት እንዲህ አድርጊ። ዘመድሽን ይዘሽ ቅዳሜ ከሰዓት ጊንጆ ሂጂ። ሴትየዋ ሁለት ወሩንና የበሩን ነገር እሺ ካሉ ተፈራረሙ። እንቢ ካሉ ቤት መፈለግሽን ቀጥዪ፤ ሳሎን መተኛት ቢሰለችም ኪራይ አይከፈልበትም፣ አንድ ወር ብትጨምሪ ዘመዶችሽ አያባርሩሽም። ደላላው ሲደውል «ቅዳሜ አይቼ እነግርሃለሁ» በዪው። ለባልደረባሽ ግን ቅዳሜን አትጠብቂ፣ ነገ ጠዋት ንገሪያት፤ ኮንዶሚኒየሙን የሚጋራት ሌላ ሰው መፈለጊያ ቀን ያስፈልጋታል።